አርባ ስድስት ተረከዝ

ሰኞ ጥቅምት 2 ቀን 1991 ዓ.ም. በአጸደ ሕጻናታችን ሃያ ሦስት ልጆች ነበርን፤ ሃያ ሦስታችንም በሙሉ እግራችን እንቆም ነበር። ይህን ስል ትዝታዬን አምኜ አይደለም። የመምህራችን የትርሲት የዕለት ደብተር ዛሬ በእኔ እጅ ነው፤ የዚያን ቀን ገጽ «የጭቃ ዱካ፦ 46፤ ሁሉም ሙሉ» ይላል። ጥቁሩን አፈር በውኃ ለውሳ፣ እንደ ዳቦ ጠፍጥፋ፣ በየተራ ቀኝና ግራ እግራችንን አስረገጠችን። ጠርዙን በጓያ ፍሬ አስጌጥነው። ሰሌዳዎቹ መስኮቱ ሥር ተደርድረው ደረቁ። አርባ ስድስት ተረከዝ።

ያኔ ዕድሜዬ አምስት ዓመት ከስምንት ወር ነበር። መንደራችን ከለሚ ከተማ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ይርቃል። የምንማርበት ክፍል ቀድሞ የደብሩ እህል ማከማቻ ስለነበር ግድግዳው የአይጥ ሽንትና የአሮጌ ገብስ ሽታ ነበረው። ክፍሉን የፈቀዱት የደብሩ አስተዳዳሪ አባቴ ቄስ ኃይለኢየሱስ ናቸው። ትርሲት ደብረ ብርሃን የሦስት ወር ሥልጠና ወስዳ የተላከች የአንኮበር ልጅ ነበረች፤ ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ። እኛ ልጆቹ እትዬ እንላት ነበር፤ ለእኔ ከእናቴ እኩል ትልቅ ሰው ነበረች። ዛሬ በዚያ ዕድሜ ያሉ ተለማማጆች ቤተ ሙከራዬ ሲመጡ የጠርሙስ ክዳን እንኳ ብቻቸውን አላስከፍታቸውም።

ከሥልጠናው ይዛው የመጣችው መጽሐፍ «የመጸው ተግባራት» የሚል ምዕራፍ ነበረው። ልጆች ወቅቱ የሚሰጠውን ነገር በእጃቸው ይሥሩ፣ ያብስሉ፣ ይቅመሱ ይላል። እኛም ሠራን። ከአደይ አበባ አክሊል፣ ከባቄላ አገዳ ሰው፣ ከስንዴ አገዳ ፉጨት፣ ከጭቃ በሬ። የማብሰሉ ነገር ግን ምርጫ አልነበረውም። ባለፈው መኸር ያለ ጊዜው የወረደ ዝናብ አውድማ ላይ የነበረውን ጤፍና ስንዴ አበስብሶት ነበር። ከመንደሩ እህል የተረፈው ጓያ ብቻ ነው። ከየቤቱ በሳምንት አንድ ጣሳ ጓያ ይመጣል፤ እትዬ ትርሲት በትልቁ የሸክላ ድስት ትቀቅለዋለች፤ በዕረፍት ሰዓት ለእያንዳንዳችን አንድ የቆርቆሮ ኩባያ ንፍሮ ትሰፍራለች። ፍሬው አመድማ ነው፣ ነጠብጣብ አለው፣ ቅርጹ ትንሽ መጥረቢያ ይመስላል። እኔ የጭቃ በሬ ዓይን አደርገው ነበር።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እናቶች በር ላይ ቆመው የሚያስጠነቅቁት አንድ ነገር ነበር።

«መምህርት፣ እንፋሎቱን አደራ!» አለች ወለተ ሥላሴ፣ የጓደኛዬ የታንጉ እናት። «የአጎቴን ልጅ እንዲያ አድርጎ ነው ያስቀረው። ድስት ላይ አጎንብሶ አመሸ፤ ጠዋት ተነሥ ቢሉት እግሩ እምቢ አለው።»

«አላስጠጋቸውም፣ እትዬ ወለተ ሥላሴ።»

«መብላቱን ይብሉ። እንፋሎቱን ብቻ።»

እትዬ ትርሲት በጉልቻው ዙሪያ በአመድ ክብ መስመር አሰመረች። ድስቱ ተከድኖ ይበስላል፤ እኛ ከአመዱ ወዲህ እንቀመጣለን፤ ንፍሮው ሳይበርድ ማንም መስመሩን አያልፍም። መስመሩን የሚያልፍ ልጅ እግሩን ጓያ ይይዘዋል። ይህ እንደ ሀ ሁ የተማርነው ነገር ነው። ንፍሮው ካለቀ በኋላ የተቀቀለበትን ውኃ ጨው ጨምራ በዚያው ኩባያ ታጠጣን ነበር። መጽሐፉ የአትክልት ውኃ አይደፋም፣ ጉልበቱ ውኃው ላይ ነው ስለሚል።

ታንጉ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ከእኔ በአራት ጣት ታጥራለች። ሁለቱ የላይ ጥርሶቿ ወልቀው ስለነበር ስትናገር ታፏጫለች፤ ይህም ከመናገር አላገዳትም። አንድ ቀን ከአመዱ ወዲህ ተቀምጠን ድስቱ ሲንተከተክ፦

«ድስቱ ምን እያለ ነው?» አልኳት።

«የቄስ ልጅ አታስጠጉብኝ እያለ ነው።»

«አንቺንስ?»

«እኔንማ ቶሎ ብዪኝ ይላል።»

እውነቷን ነበር። ኩባያዋን ከሁላችን ቀድማ ትጨርስና የኔን ታያለች። እኔ ደግሞ አልራበኝም ነበር። ቤት ሁልጊዜ ማለዳ እናቴ በሩን ዘግታ የገብስ ገንፎ ታበላኛለች። በር የሚዘጋው ለብርዱ ይመስለኝ ነበር።

«እዚያ የሰጡሽን ተቀበዪ» ትለኛለች እናቴ አፌን እየጠረገች። «ጠግቤያለሁ እንዳትዪ።»

«ሆዴ እምቢ ካለኝስ?»

«ለጓደኛሽ ስጪያ። ዝም ብለሽ።»

ገብሱ ለደብሩ በስለት የገባ መሆኑን ያወቅሁት አባቴ ካረፉ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው ታንጉ ከሁሉም ልጆች የተሻለ የጭቃ በሬ እንደምትሠራ ነበር። የእኔ በሬዎች ሲደርቁ እግራቸው ይሰበራል፤ የእሷ ይቆማሉ፤ ሻኛ አላቸው፤ ቀንዳቸው ይመሳሰላል። ስለዚህ ተስማማን፦ ለአንድ ኩባያ አንድ በሬ። ንፍሮውንም ውኃውንም እሰጣታለሁ፤ እሷ በማግስቱ በሬውን ታመጣለች። ማታ ማታ በሬዎቼን በአልጋዬ ራስጌ አሰልፋቸዋለሁ። በመንደሩ የእኔን ያህል በሬ ያለው ሰው አልነበረም። ታንጉ ሞኝ ናት ብዬ አስብ ነበር።

ረቡዕ ኅዳር 9 ቀን እትዬ ትርሲት በር ላይ ተቀምጣ ለማጣበቂያ የሚሆን ጭድ ትቆርጣለች። ሌሎቹ ልጆች ውጭ ነበሩ። እኔና ታንጉ ከአመዱ ወዲህ ተቀምጠናል።

«ጓያ ሲበስል አፉን ይከፍታል» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ውሸታም።»

«አያቴ አይታለች። እንደ ጫጩት ነው አሉ።»

«እንየዋ።»

«እኔ ክዳኑን አልችለውም። አንቺ ረጅም ነሽ።»

ረጅም መባሌ ደስ አለኝ። መስመሩን አለፍኩ፤ በጭብጥ ጭድ አድርጌ ክዳኑን አነሣሁት። ታንጉ ከጎኔ መጥታ አንገቷን አሰገገች። እንፋሎቱ ነጭ ሆኖ ፊቷን ሸፈነው። ዓይኗን ጨፍና ሳቀች። «ሞቀኝ» አለች። «ማኅደር፣ ሞቀኝ!»

እትዬ ትርሲት በየት በኩል እንደደረሰች አላየሁም። ክዳኑን ከእጄ ላይ በባዶ እጇ ነጥቃ ድስቱ ላይ መለሰችው። መዳፏን አፏ ውስጥ ከተተች። ከዚያ በእግሯ የእኛን ዱካ ከአመዱ ላይ አጠፋችና መስመሩን እንደገና አሰመረችው። «ለማንም እንዳትናገሩ» ብቻ አለችን። አልመታችንም። ክዳኑ ትኩስ መሆኑን ያላወቀች መስሎኝ ገረመኝ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ፣ ኅዳር 15፣ መጽሐፉ እንደሚያዘው ዱካውን ደገምነው፤ ልጆች ምን ያህል እንዳደጉ እንዲያዩ። ተሰለፍን። የታንጉ ተራ ሲደርስ በጣቶቿ ጫፍ ቆመች።

«እትዬ! ታንጉ ታጭበረብራለች!» ብዬ ጮህኩ። «ለመርዘም ትንጠራራለች!»

ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። ታንጉም ሳቀች። «የቄስ ልጅ እንዳትበልጠኝ ነው» አለች።

እትዬ ትርሲት ተንበርክካ ተረከዟን በጨርቅ በተጠቀለለ እጇ ወደ ታች ጫን አደረገችው። «አሳርፊው፣ ታንጉዬ።»

«አርፏል እኮ።»

አላረፈም። ጫነችው፤ ተመለሰ። ሁለተኛ ጫነችው፤ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ መጫኑን ትታ እግሯን በሁለት እጇ ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ረጅም ጊዜ። ጭቃውን እየጠረገችላት መስሎኝ ቀናሁ። የኔን እግር ማንም አልጠረገልኝም።

በደብተሩ ላይ የዚያን ቀን ጽሕፈት ከሌላው ጊዜ ያንሳል። «ታንጉ፦ ቀኝ፣ ተረከዝ የለም። ግራ፣ ግማሽ። ሌሎቹ ሙሉ።» ከሥሩ አንድ ቃል ተጽፎ ተሰርዟል። በብርሃን ላይ አድርጌ አንብቤዋለሁ፤ «እንፋሎት» ነው የሚለው።

ያን ዕለት ኩባያዬን ለታንጉ ሰጠኋት። ረቡዕም፣ ሐሙስም፣ ዓርብም ሰጠኋት። እግሯ ደህና ባይሆንም እጇ ደህና ነበር፤ አራቱንም በሬ አመጣችልኝ።

ሰኞ ኅዳር 21፣ የጽዮን ዕለት፣ ቅዳሴ አልቆ ሰው ከደጀ ሰላሙ ግንብ ሥር ቆሞ ሳለ ወለተ ሥላሴ ታንጉን አዝላ መጣች። የታንጉ እግሮች በእናቷ ወገብ ግራና ቀኝ እንደ ሁለት እንጨት ቀጥ ብለው፣ ጣቶቻቸው ወደ መሬት ያመለክታሉ። ለበዓሉ የታዘለች መሰለኝ። እጄን አውለበለብኩላት።

«አባቴ፣ ይፍረዱልኝ» አለች ወለተ ሥላሴ። «ልጄን በእግሯ ሰጥቼ ነበር። ዛሬ ጠዋት አልነሣም አለች።»

አባቴ መስቀላቸውን የታንጉ ጉልበት ላይ አሳረፉ። «ከድስቱ ተጠግታ ነበር?»

«መምህርቷን ይጠይቋት! አመድ አሰምራለሁ፣ አላስጠጋም ብላኝ ነበር። ክዳኑን ያነሣው ማነው? ማን ነው በልጄ ፊት የከፈተው?»

እትዬ ትርሲት ነጠላዋን መስቀልኛ አጣፍታ ከሴቶቹ ኋላ ቆማለች። መጀመሪያ ታንጉን አየች። ታንጉ ጉንጯን በእናቷ ጀርባ ላይ አሳረፈች። ቀጥሎ እኔን አየች። እኔ የእናቴን ቀሚስ ይዤ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሳላስብ ከፈትኩት።»

የተጠቀለለ እጇን ሁሉም አየው። ሴቶቹ አጉረመረሙ። ደስ አለኝ። ክዳኑን ያነሣሁት እኔ መሆኔን ረስታዋለች ብዬ አሰብኩ፤ ትልልቅ ሰዎች ብዙ ነገር ይረሳሉ።

«ልጄ፣ ወደ አገርሽ ብትመለሺ ይሻላል» አሏት አባቴ፣ ድምፃቸውን ሳያሳድጉ። «ክፍሉ ይዘጋል።»

በማግስቱ በእግሯ ወደ ለሚ ሄደች። ለገና ዘመዶቿ ዘንድ የሄደች መስሎኝ ስትመለስ ላሳያት በሬዎቼን በቁመት ደረደርኳቸው። ደብተሯ፣ መጽሐፏና የጭቃ ሰሌዳዎቹ እኛ ቤት ቀሩ። በዚያው ሳምንት አባቴና እናቴ ምሳ ላይ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«የእኛዋን አልነካትም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ አባቴ።

«እሷማ መች ትበላዋለች» አለች እናቴ።

ከዚያ ሁለቱም መብላታቸውን አቆሙ። ገንፎዬን ስለምጨርስ ያመሰገኑኝ መሰለኝ። እናቴ በዚያች ቅጽበት ምን ያህሉ እንደገባት አላውቅም። ሳልጠይቃት አረፈች።

ክፍሉ ከተዘጋ በኋላ በመንደሩ ጓያ መብላቱ አልቆመም፤ ክዳኑ ብቻ ጠበቀ። እስከ ጥር መጨረሻ ሌሎች አራት ሰዎች እግራቸውን ያዛቸው። በአራቱም ቤት ድስቱ ተከድኖ ነበር።

እኔ ክዳኑን ይዤ አደግኩ። ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ለንስሐ አባቴ ልናገር አስቤ ዶሮ ሰርቄያለሁ አልኩ። እግር የሚጎትት ሰው ባየሁ ቁጥር የጭዱ ሙቀት መዳፌ ላይ ይሰማኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ስለ ጓያ መርዝ የተማርን ቀን ከክፍል ስወጣ ቃሉን ሦስት ጊዜ ለራሴ ደገምኩት፦ በፍሬው ውስጥ ነው፤ በመብላት ነው፤ ለወራት ሌላ እህል ሳይቀላቀል አብዝቶ በመብላት። መምህሩን ግን አላመንኩም። ደብረ ብርሃን ሥራ እንደያዝኩ ግማሽ ኪሎ ጓያ ለሁለት ሰዓት ቀቀልኩ፤ እንፋሎቱን በመስታወት ቱቦ አቀዝቅዤ አጠራቀምኩ፤ ለካሁት። ምንም። ሰባት ጊዜ ደገምኩት፤ ሰባት ጊዜ ምንም። በድስቱ ውስጥ የቀረውን ውኃ ስለካ ግን መርዙ እዚያ ነበር፤ ቢደፋ ኖሮ ከፍሬው ብዙው ይወጣ ነበር።

ያን ቀን ክዳኑን አስቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ያህል ነፃ ሰው ነበርኩ። ከዚያ ሳላስበው በጣቶቼ መቁጠር ጀመርኩ። ከጥቅምት 2 እስከ ኅዳር 18 ትምህርት የነበረው ሠላሳ አምስት ቀን ነው። ከሃያ ሦስት ልጆች ሃያ አንዱ በቀን አንድ ኩባያ በሉ። አንዷ ምንም አልበላችም። አንዷ ሁለት በላች። በዓመት በዓል ቤት ሄጄ የአልጋዬን ራስጌ ፈተሽኩ። ሁለቱ ፈርሰዋል፤ ሠላሳ ሦስቱ በሬዎች ቆመው ነበር።

ታንጉ ዘንድ ለመሄድ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። ባለፈው ኅዳር የእህል ናሙና ለመሰብሰብ ወደዚያ ወረዳ ስላክ፣ በሥራ ሰበብ በሯ ላይ ደረስኩ። ጥጥ እየፈተለች ትሸጣለች፤ በአንድ ምርኩዝ ትሄዳለች፤ ህሊና የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ አለቻት። ህሊና አዲሱ አጸደ ሕጻናት ገብታለች። በሩ ላይ ከባቄላ አገዳ የሠራችው ሰው ተሰቅሏል።

«የቄስ ልጅ!» አለችኝ ታንጉ። «ሸበትሽ እኮ! ደብረ ብርሃን ውርጩ ራስ ላይ ነው እንዴ የሚወርደው?»

ሳቅን። ከጎኗ ምድጃ ላይ ድስት ይንተከተካል። ህሊና ኩባያ ይዛ ልትጠጋ ስትል ታንጉ በምርኩዟ መለሰቻት። «ወዲያ በይ! ከአመዱ ወዲያ!» በጉልቻው ዙሪያ ክብ መስመር ተሰምሯል። «ዘንድሮ ሌላው እህል ጥቂት ነው» አለችኝ። «ጓያ ነው የያዘን። እኔ ግን እንፋሎቱን እጠነቀቃለሁ። እኔን ያየ አይቀልድም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትበላው?»

«ከመስከረም። ምነው?»

ለስድስት ዓመት ያዘጋጀሁትን ንግግር ትቼ «ያኔ ክዳኑን ያነሣሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አውቃለሁ» አለች። «አብሬሽ ነበርኩ እኮ።»

«ለምን አልተናገርሽም? እናትሽ ስትጠይቅ ሰምተሻል።»

እንዝርቷን አሾረች። «ኩባያሽን ትሰጪኝ ነበራ። ከተናገርኩ ትተዪኝ የለ? እግሬ ነገ ይድናል ብዬ ነበር። ረሃቡ ግን ነገም አለ።» ከዚያ ፈገግ አለች። «አልተቀየምኩሽም። ያንቺ ኩባያ ነው በዚያ ዓመት ያሳደረኝ። ለህሊናም እነግራታለሁ፤ አንዲት የቄስ ልጅ ነበረች እያልኩ።»

ህሊና ወደ እኔ አየች። ኩባያዋ ቆርቆሮ ነው።

ዝም ብዬ መመለስ እችል ነበር። ያቺ ልጅ ግን ከመስከረም ጀምሮ ትበላ ነበር፤ ድስቱም ከፊቴ ይበስላል።

«ታንጉ፣ እንፋሎቱ አይደለም» አልኩ። «ለክቼዋለሁ። እንፋሎቱ ውስጥ ምንም የለም። ፍሬው ነው። ውኃው ነው። ሌሎቹ አንድ ኩባያ ነበር የሚበሉት። አንቺ ሁለት።»

እንዝርቱ ቀስ በቀስ ቆመ።

«ስንት ቀን?» አለች።

«ሠላሳ አምስት።»

«በሬዎቹን ቆጥረሽ ነው?»

«አዎ።»

ፊቷን ለረጅም ጊዜ አየሁት፤ ማየት ስለሚገባኝ። ምርኩዟን ተደግፋ ተነሣች፤ ኩባያውን ከህሊና እጅ ወሰደች፤ ድስቱን በጨርቅ ይዛ ከጉልቻው ላይ አወረደችው። ልረዳት እጄን ስዘረጋ «ተዪው» አለች። ድስቱን ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ በአንድ እጇ ምርኩዟን ይዛ እስከ ደጃፉ ሄደች። ንፍሮውንም ውኃውንም አንድ ላይ ደፋችው። ጥቁሩ አፈር ጠጣው።

«የምትልኪው ገብስ ካለ ለእሷ ይሆናል» አለች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ። «እኔ ዘንድ ግን አትምጪ።»

በመኪናዬ ያለውን ገብስና ስንዴ አወረድኩ፤ በየወሩ የሚልክ ሰው እንዳለኝም ነገርኳት። የህሊናን እጅ ይዛ በርጥቡ አፈር ላይ አልፋ ወደ ጎረቤት ሄደች። ከአጥሩ ማዶ እስኪሰወሩ ጠበቅሁ። ከዚያ ተንበርክኬ የናሙና መለኪያዬን አወጣሁ። የታንጉ ዱካ ጣቶቿ ባረፉበት ሃያ አንድ ሚሊሜትር ገብቷል፤ ተረከዝ ባለበት ቦታ ዜሮ። ከጎኑ ያለው የህሊና ዱካ ሙሉ ነው። ቀኝ ተረከዝ ስድስት ሚሊሜትር፤ ግራ ተረከዝ ስድስት ሚሊሜትር።